ፍሬን በሌለው የማሽን ተጎታች ላይ ፍሬን መግጠም

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለ ሁለት አክስል ክፍት ተጎታች አለኝ። ባዶውን 700 ኪሎ ይመዝናል፤ ፍሬን የለውም። እስካሁን የምጭንበት ጄኔሬተርና የኮንክሪት ማደባለቂያ ነበር። አሁን 1,800 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ኤክስካቫተር ገዝቻለሁ። የምጎትተው 2,000 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ፒክአፕ ነው። ፍሬን ማስገጠም ይቻላል? አንዱ አክስል ላይ ብቻ ቢሆን አይበቃም? ኤሌክትሪኩ ይሻላል ወይስ ተጎታቹ ሲገፋ ራሱ የሚይዘው ዓይነት? አንድ በያጅ በነባሩ አክስል ላይ ፍላንጅ (ፍሬኑ የሚታሰርበት ብረት) በይጄ እገጥምልሃለሁ ብሎኛል።»

ይቻላል፤ በዚህ ጭነት ደግሞ ግዴታ ነው። ሁለቱም አክስል ላይ ይግጠሙ። ከሁለቱ ዓይነት ለእርስዎ ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ። የበያጁን ሐሳብ ለጊዜው ያቆዩት። ምክንያቱን በየተራ እነግርዎታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልበል። ሰው ገንዘቡን ታምቡርና ሸራ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮና ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል) ላይ ያወጣና ሽቦው ላይ ይቆጥባል። አዲስ የተገጠመ ፍሬን «አልይዝ አለ» ተብሎ ሲመጣ ደግሞ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሽቦው፣ ማሳው (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) ወይም የሸራው ማስተካከያ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ሽቦ ሳወራ ሰፋ ካልኩ ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ክብደቱን እንደምር። ተጎታቹ 700፣ ማሽኑ 1,800፤ ትርፍ ባልዲዎቹን፣ ማሰሪያ ሰንሰለቱንና የነዳጅ ጀሪካኑን 200 ብንላቸው 2,700 ኪሎ ይመጣል። ከኋላ የሚከተለው ከጎታቹ በ700 ኪሎ ይከብዳል ማለት ነው። ፒክአፑ ብቻውን በደረቅ አስፋልት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ በደንብ ፍሬን ቢይዝ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል እየቀነሰ 35 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ያው አራት ጎማ፣ ያው ፍሬን፣ አሁን በድምሩ 4,700 ኪሎ እንዲያቆም ሲጠየቅ 83 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እግርዎ ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪዞር ድረስ የሚሄዱት መንገድ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ነገሩ የርቀት ብቻ ቢሆን ከፊት ካለው መኪና ራቅ ብሎ መንዳት ይበቃ ነበር። የባሰው ግፊቱ ነው። ፍሬን አልባ ተጎታች መኪናው ሲይዝ እሱ መሄዱን አያቆምም፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ የመኪናውን ጀርባ ወደፊት ይገፋል፤ መታጠፊያ ላይ ወይም እርጥብ አስፋልት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ጎን ገፍቶ መኪናውን ያጥፈዋል። አንዴ ከታጠፈ በመሪ አይመለስም።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተጎታች ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ከየትኛውም ፍሬን በፊት ግን የሚሠሩበት አገር የትኛውን ዓይነት እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ ገዝቶ ከገጠሙ በኋላ ምርመራ ላይ መውደቅ ያናድዳል። እግረ መንገዴን፦ ፍሬን መጨመር ተጎታቹ የሚችለውን ክብደት አይጨምርም። ልኩ የሚወሰነው ከአክስሉ፣ ከጎማው፣ ከባሌስትራው፣ ከሻንሲውና ከማያያዣው መካከል ደካማ በሆነው ነው።

አሁን ወደ በያጁ። ጎማውን አውርደው ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት መሃለኛ ክፍል) ኋላ በኩል አክስሉ ላይ ምን እንዳለ ይመልከቱ። አራት ቀዳዳ ያለው አራት ማዕዘን ብረት ተበይዶ ካዩ ዕድለኛ ነዎት፤ ፋብሪካው አክስሉን ለፍሬን አዘጋጅቶታል ማለት ነው። ሸራዎቹና ማግኔቱ የተገጠሙበት ክብ ሳህን እዚያ ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ተራውን ሞዞ አውጥተው ታምቡር ያለውን ይተኩታል፤ አለቀ። ያ ብረት ከሌለ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

ፍላንጁ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ከሚቀመጥበት ቦታ በልኩ መራቅ፣ ከአክስሉ ጫፍ ጋር ፍጹም ቀጥ ብሎ መቆም፣ መሃሉም ከአክስሉ መሃል ጋር መግጠም። ትንሽ ቢያጋድል ሸራው ታምቡሩን በአንድ ጠርዝ ብቻ ይነካል፤ ማግኔቱም ፊቱ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ከዚህ ሌላ ኩሽኔታው አጠገብ የሚለቀቀው ሙቀት ብረቱን ሊያጣምመው ይችላል፤ የተጎታች አክስል ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት ቀጥ እንዲል ተብሎ ወደ ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ በዘፈቀደ የተበየደ ብረት ያንን ጉብጠት ይቀይረውና ጎማ መብላት ይጀምራል። መለኪያ መሣሪያና የማቆሚያ ቅርጽ ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ያሳካዋል። መንገድ ዳር በዓይን ልኬት የሚበየድ ከሆነ ግን እኔ አልስማማም። ፍሬኑ ተገጣጥሞለት የሚመጣ ሙሉ አክስል ይግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የድሮው አክስል ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ (ግሪሱን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) እና ሞዞ አብሮ ስለሚቀየር ልዩነቱ በመጀመሪያ እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም። የድሮው አክስል የሚችለው ክብደት ካልተጻፈበትማ ጭራሽ ክርክር የለውም።

አክስል ሲያዙ አራት ልኬት ይዘው ይሂዱ፦ ከአንዱ ሞዞ ፊት እስከ ሌላው ሞዞ ፊት ያለው ርቀት፤ ከአንዱ ባሌስትራ መሃል እስከ ሌላው ባሌስትራ መሃል ያለው ርቀት፤ ቸርኬው ያለው የቀዳዳ ብዛትና ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት፤ የሚፈልጉት የመሸከም ልክ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይሁን በታች ይንገሩ። በእርስዎ ክብደት እያንዳንዳቸው 3,500 ፓውንድ፣ ማለትም 1,590 ኪሎ ገደማ የሚችሉ ሁለት አክስሎች ይበቃሉ፤ በጋራ 3,180 ኪሎ ይሆናል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ማያያዣው ላይ ስለሚያርፍ አክስሎቹ ትንሽ እፎይታ አላቸው። ለዚህ መጠን የተለመደው ዲያሜትሩ 10 ኢንች፣ ስፋቱ 2¼ ኢንች የሆነ ታምቡር ነው። የ12 ኢንቹ ለከባዶቹ አክስሎች የተሠራ ነው፤ ትንሽ ቸርኬ ውስጥም አይገባም።

አንዱ አክስል ይበቃል ወይ ለሚለው መልሴ አይበቃም ነው። ጎማ የሚይዘው በላዩ ያረፈበትን ክብደት ያህል ነው፤ አንዱን አክስል ብቻ ካስያዙ የጭነቱ ግማሽ ፍሬን በሌለው ጎማ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ፍሬን ያለው አክስል ለሁለት እንዲሠራ ማስተካከያውን ከፍ ያደርጉታል፤ ተጎታቹ ባዶ የሆነ ቀን ያው ጎማ ይቆለፍና ይንሸራተታል። የሚተርፈው ዋጋ ለዚህ አያዋጣም።

ኤሌክትሪክ ወይስ በግፊት? በግፊት የሚሠራው መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተጎታቹ ወደፊት ሲገፋ የማያያዣውን ራስ ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል፤ ጭምቀቱ በፍሬን ዘይት ወይም በብረት ገመድ ተላልፎ ሸራውን ይከፍተዋል። ውበቱ ከመኪናው የመብራት ሶኬት በቀር ምንም አለመፈለጉ ነው፤ ማንኛውም መኪና ይጎትተዋል። ተጎታቹን የሚያከራዩ ከሆነ ወይም ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው መኪና የሚጎትተው ከሆነ እሱን ይውሰዱ። ጉድለቱ ሹፌሩ ምንም የሚያዝበት ነገር አለመኖሩ ነው። ዳገት ላይ ወደኋላ ሲገፉት ፍሬን ሊይዝብዎት ይችላል፤ ይህንን የሚከላከል ነገር ያለው መሆኑን አይተው ይግዙ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተጎታቹ ሁልጊዜ ስለሚገፋ ሸራው ያለ እረፍት ይታሻል።

ኤሌክትሪኩ አሠራሩ ብልህ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚሽከረከረውን ታምቡር የውስጥ ፊት ይጠባል፤ ታምቡሩም ይዞት ሊሄድ ይጎትተዋል፤ ማግኔቱ የተያያዘበት ክንድ ሲዞር ሸራዎቹን ይከፍታቸዋል። ዋናውን ጉልበት የሚሰጠው የታምቡሩ መዞር ራሱ ስለሆነ ነው አንድ ማግኔት በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ብቻ የሚበቃው። ይህ ማለት የግራና የቀኝ ሳህን አይለዋወጡም፤ ማግኔቱ የሚጎተተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነውና። አጭሩ ሸራ ሁልጊዜ ወደ መኪናው በኩል ይሁን፣ ረጅሙ ወደኋላ። ይህንን አዛብቶ የገጠመ ሰው ፍሬኑ ደካማ ነው ብሎ ማግኔት ሲቀይር ይከርማል።

ለእርስዎ የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከሹፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው መቆጣጠሪያ የተጎታቹን ፍሬን ብቻውን የሚያስይዝ የእጅ ማንሻ አለው። ተጎታቹ ጭራውን ግራና ቀኝ መምታት ሲጀምር የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያብሳል፤ ከነዳጁ እግርን አንስቶ የተጎታቹን ብቻ ቀስ አድርጎ ማስያዝ ከኋላ ስቦ ያቃናዋል። መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ፔዳሉን ሲነኩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እስከ ተሞላለት መጠን ከፍ የሚል ነው፤ ድንገት ቢይዙም በዝግታ ቢይዙም ለእሱ አንድ ነው። ሌላው መኪናው ምን ያህል ፍጥነት እየቀነሰ እንደሆነ እየለካ በዚያው ልክ የሚሰጥ ነው። ኤክስካቫተር ለሚጭን ሰው ሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው አይመከርም። ይህኛው ሲገጠም የሚፈቀደውን ማጋደል መመሪያው ላይ ያንብቡ።

እንግዲህ ሽቦው። አራት ማግኔት በ3 አምፔር 12 አምፔር ነው። ከመቆጣጠሪያው እስከ ኋላኛው አክስል 9 ሜትር ብንል፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ መመለስ ስላለበት መንገዱ 18 ሜትር ይሆናል። ለመብራት የሚሳበውን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢጠቀሙ መንገድ ላይ 2.5 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ከ12ቱ አንድ አምስተኛው ገደማ ማለት ነው። የማግኔቱ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። በ4 ካሬ ቢሆን የሚጠፋው ወደ 1 ቮልት፣ በ6 ካሬ ወደ 0.6 ቮልት ይቀንሳል። ስለዚህ ከ4 ካሬ አይውረዱ፤ ከቻሉ 6 ይሳቡ። መኪናው ውስጥ ለመቆጣጠሪያው ከባትሪው ቀጥታ የሚመጣ ሽቦ ያድርጉና ለሁለት አክስል 20 አምፔር የሚችል ሰርኪት ብሬከር ባትሪው አጠገብ ያስገቡ። ከሲጋራ መለኮሻው መስመር መቀጠል አይታሰብ።

የሄደው መመለሱን አይርሱ። ማሳውን፣ ማለትም ኔጋቲቩን፣ በማያያዣው ኳስ በኩል ይመለስልኛል ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ኳሱ ግሪስ ተቀብቷል፣ ዝጓል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ይሠራና መታጠፊያ ላይ ይቋረጣል። ከእያንዳንዱ ማግኔት ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንዱን ከፍሬን መስመሩ፣ ሌላውን ከማሳው ጋር ያገናኙ፤ ማግኔቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አይለይም። የማሳው መስመር ራሱን የቻለ፣ እንደ ፍሬኑ መስመር የወፈረ ሽቦ ሆኖ በሶኬቱ በኩል እስከ መኪናው ይምጣ። መጋጠሚያዎቹን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ጭቃና ውሃ እስኪነካው ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ይበየዱ ወይም ይጨመቁ፣ ከላይ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ይልበሱ። አንዳንድ አክስል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው ሽቦ በቱቦው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሲንቀጠቀጥ ይፋቅና ሳይታይ ይነካካል። እኔ ከውጭ በኩል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ አክስሉ ላይ እንዲታሰር እመርጣለሁ፤ አስቀያሚ ቢሆንም ይታያል፣ ይጠገናል።

ሲጨርሱ አምፔር መለኪያ በፍሬኑ መስመር ላይ አስገብተው የእጅ ማንሻውን እስከ መጨረሻ ይግፉ። ወደ 12 ካነበበ አራቱም ይሠራሉ። ወደ 9 ከሆነ አንዱ ሞቷል፤ የእያንዳንዱን ማግኔት ኦም ይለኩ፣ ከ3 እስከ 4 አካባቢ መሆን አለበት። ምንም ካላነበበ መስመር ተቋርጧል ወይም ማሳ የለም። ይህችን መለኪያ የያዘ ሰው ታምቡር ሳይከፍት ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል።

ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬን የሚያስይዘውን ማብሪያ አብረው ይግጠሙ። ተጎታቹ ላይ የራሱ 12 ቮልት ባትሪ ይቀመጣል፤ ከማብሪያው የወጣ ቀጭን የብረት ገመድ ከመኪናው ሻንሲ ጋር ይያያዛል፤ ተጎታቹ ሲለይ ገመዱ ፒኑን ይነቅልና ባትሪው ማግኔቶቹን ያስይዛል። ገመዱን ከኳሱ ወይም ከደኅንነት ሰንሰለቱ ጋር ካያያዙት ማያያዣው ተነቅሎ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ፒኑም ሳይነቀል ይቀራል። የአሜሪካ የንግድ ተሽከርካሪ ደንብ ፍሬኑ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ያዛል፤ የደከመ ባትሪ ይህን አያደርግም። ሲሞክሩት ሶኬቱን ከመኪናው ይንቀሉ፣ ፒኑን ይሳቡ፣ በክሪክ የተነሳው ጎማ አለመዞሩን ያረጋግጡ፣ ቶሎ መልሰው ይሰኩት። እንደ ማቆሚያ ፍሬን አድርገው እንዳይጠቀሙበት፤ ባትሪውም ማግኔቱም ያልቃል።

ታምቡሩን ሲገጥሙ ግሪስ ሸራው ላይ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ፤ አንዴ የጠጣ ሸራ አይታጠብም፣ ይቀየራል። በግሪስ ፓምፕ ከመጠን በላይ የሚሞላ ሰው ጎሚኒውን አልፎ ወደ ውስጥ ይረጨዋል። የአክስሉን ጫፍ ዳዶ ጎማው እየዞረ አጥብቀው፣ አላልተው፣ በጣት ብቻ መልሰው ይያዙትና ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ፒን) ይክተቱ። ከዚያ ማስተካከያው፦ ጎማውን ወደፊት አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ ከሳህኑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ጥርሳሙን በካቻቢቴ ያጥብቁት፤ ጎማው በእጅ ለመዞር በጣም ሲከብድ፣ ቀለል ብሎ እየዞረ የሸራው ሹክሹክታ ብቻ እስኪሰማ ድረስ ያላሉት። አራቱም ላይ እኩል ይሁን። ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ሸራው ስለሚቀመጥ ይድገሙት፤ ከዚያ ወዲያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይበቃል። ጭቃ ውስጥ የሚገባ ተጎታች ከሆነ ግን በኪሎ ሜትር አይጠብቁ፤ ታምቡር ውስጥ የደረቀ ጭቃ ማግኔቱን ይበላዋል።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይይዝም። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 30 እየቀነሱ፣ በመሃሉ እያቀዘቀዙ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ያለማምዱት። ከዚያ ማሽኑን ጭነው፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የእጅ ማንሻውን ሙሉ እየገፉ መጠኑን ከፍ ያድርጉ፤ ጎማው መቆለፍ ሲጀምር ትንሽ ይመልሱት። ባዶውን ሲጎትቱ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ዝናብ ሲሆንም እንዲሁ።

ቁልቁለት ካለብዎት አንድ ስሌት ይያዙ። ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ማቆም ከፍሬኑ የሚጠይቀው ሙቀት 25 ሜትር ከፍታ ከመውረድ ጋር እኩል ነው፤ ክብደቱ ምንም ቢሆን። ስለዚህ 100 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ መውረድ አራት ጊዜ ተከታትሎ ከ80 እንደ ማቆም ነው፤ ታምቡሩ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሳያገኝ። ከላይ ሆነው ማርሽ ይቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁ እንጂ እግርዎን አያሳርፉበት።

በመጨረሻ ስለ መጫን። ይህ ሁሉ ፍሬን ተጎታቹ ቆሞ ማሽን ሲወጣበት አይረዳዎትም። ኤክስካቫተሩ መወጣጫው ላይ ሲረግጥ የተጎታቹ ጭራ ወደ ታች፣ አንገቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንገቱም የፒክአፑን ጀርባ ያነሳል። የፒክአፑ የእጅ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ነው። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ጭራው ሥር ድጋፍ እግር ያቁሙ፣ የፒክአፑንም የተጎታቹንም ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ፣ መወጣጫው አጠገብም ሰው አይቁም።